የቁራ መልክተኛ

ሰኔ 30 ማለዳ፣ 3 ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። የአይከሏ ጸሐፊ ናት።

«ይዞራል» አለች፤ እንደምን አደርክ የለ፣ ምን የለ።

«ምኑ ነው የሚዞረው?»

«ክቡ ነዋ! ‹ላክ› የሚለውን ስነካው ይዞር ይዞርና ‹ጊዜው አልፏል› ይለኛል። ደግሜ ስነካው ደግሞ ይዞራል። አሁንማ እኔንም እያዞረኝ ነው።»

«ስንት ጊዜ ነካሽው?»

ዝም አለች። ከዝምታዋ ርዝመት ቁጥሩን ገመትኩት።

«አንድ አምስት ጊዜ» አለች በመጨረሻ። «የፊተኞቹ እንቢ ስላሉ እኮ ነው።»

የፊተኞቹ እንቢ አላሉም ነበር። ጣጣውም እሱ ነው።

አይከል ከጎንደር በአዘዞ አድርጎ ወደ መተማ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የተቀመጠች የጭልጋ ከተማ ናት። እዚያ ላለ አንድ ትምህርት ቤት፣ በዝምድና ተይዤ፣ የተማሪ ውጤት መመዝገቢያ ሠርቻለሁ። (በዝምድና የተያዘ ሰው ውል የለውም፣ ክፍያ የለውም፣ «አይመቸኝም» ማለትም የለውም።) ጽሕፈት ቤቱ ጥግ ላይ ዳንቴል የለበሰ አሮጌ ኮምፒውተር አለ፤ ሰርቨሩ እሱ ነው። ይሞቀዋልና ዳንቴሉን አንሡለት ብዬ ሁለት ጊዜ ለምኛለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ «አቧራ ይገባበታል» ተብያለሁ። ኔትወርክ ደህና በሚይዝበት በመስኮቱ ደፍ ላይ ደግሞ ሲም ካርድ የጎረሰች ሞደም ተቀምጣለች። የዓመቱ ውጤት ተደምሮ ሲያልቅ ጸሐፊዋ «ላክ» የምትለዋን ትጫናለች፤ 640 ወላጆች ልጃቸው መዛወር አለመዛወሩን በአጭር መልእክት ይሰማሉ። ሐሳቡ ይህ ነበር።

ሒሳቡን ግን ቀድሜ አልሠራሁትም። ሞደሟ አንዷን መልእክት ለመላክ 4 ሰከንድ ትፈጃለች። ለ640 ሰው 2,560 ሰከንድ መሆኑ ነው፤ 43 ደቂቃ ሊሞላ 20 ሰከንድ ሲቀረው። ገጹን ለጸሐፊዋ የሚያቀርብላት አፓቼ ደግሞ ሥራውን ከጀርባው ላለው ፒኤችፒ አሳልፎ ሲሰጥ፣ ሌላ ነገር ካልተነገረው በቀር፣ ከ60 ሰከንድ በላይ ዝምታ አይችልም።

ልጅ ሆነን ስንላክ የላከን ሰው መሬት ላይ እንትፍ ይልና «ይቺ ምራቅ ሳትደርቅ ድረስ!» ይለን አልነበር? የአፓቼ ምራቅ በ60 ሰከንድ ይደርቃል። ሲደርቅ «ጊዜው አልፏል» ብሎ ለጸሐፊዋ ያስታውቅና ይቀመጣል። የተላከው ልጅ ግን ምራቁ መድረቁን የነገረው ስለሌለ መንገድ ለመንገድ እየዞረ መልእክቱን ያድላል። ፒኤችፒ ራሱም የ30 ሰከንድ ገደብ አለው፤ ነገር ግን ሰርቨሩ በሚሠራበት በሊኑክስ ላይ የሚቆጥረው የሠራበትን እንጂ ቆሞ የጠበቀበትን ሰዓት አይደለም። ሞደም መጠበቅ ደግሞ ሥራ አይባልም። እንዲህ ሰዓት የሚቆጥር ስስታም አሠሪ አውቃለሁ፤ ፕሮግራም ሆኖ ሲመጣ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

እና 5 መልእክተኞች አንዲት ሞደም ላይ እየተጋፉ እስከ ቀትር ድረስ ላኩ። እያንዳንዱ ወላጅ አምስት አምስት ጊዜ ደረሰው።

በማግሥቱ አንድ አባት ኩታቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ርዕሰ መምህሩ ፊት ቆሙ። «ልጄ 3ኛ ክፍል ነበር። ተዛውሯል ብላችሁ አምስት ጊዜ ጽፋችሁልኛል። በሉ 8ኛ ክፍል መዝግቡልኝ» አሉ። ቀልዳቸውን ይሁን የምራቸውን እስከ ዛሬ አልተለየም። ልጃቸው ያልተዛወረላቸው እናት ግን አልቀለዱም፦ «አንድ ጊዜ ብትነግሩኝ አይበቃም ነበር? መርዶ እንኳ የሚረዱት አንዴ ነው!»

ለእሳቸው መልስ ስላልነበረኝ በሚቀጥለው ሳምንት ሚኒባስ ተሳፍሬ አይከል ወረድኩ።

መድኃኒቱን ከመነሻው አውቀዋለሁ፤ ቢያንስ የማውቀው መስሎኝ ነበር። ረጅም ሥራ በድረ ገጽ በር ላይ አይሠራም። ገጹ የሚሠራ ልጅ ጠርቶ፣ ትእዛዙን ሰጥቶ፣ ከጀርባ ልኮት፣ ራሱ ወዲያው ወደ ጸሐፊዋ ዞሮ «እሺ» ማለት አለበት። ልጁ ከሰርቨሩ ተለይቶ በራሱ ጊዜ ይሠራል። ለዚህ የሚሆን ኖሃፕ የሚባል አሮጌ የዩኒክስ ትእዛዝ አለ፤ ትርጉሙ «ስልኩ ቢዘጋም አታቋርጥ» እንደ ማለት ነው። ሰው በስልክ መስመር ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር ይገናኝ በነበረበት ዘመን መስመሩ ሲዘጋ የተጀመረው ሥራ ሁሉ «ዘጉብን» የሚል ምልክት ደርሶት አብሮ ይሞት ነበር፤ ኖሃፕ ለሥራው ያንን ምልክት እንዳይሰማ ጆሮውን ይደፍንለታል። ከትእዛዙ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ከጀርባ ሥራ» የምትለዋ የ«እና» ምልክት ትደረጋለች። ሁለቱንም አደረግሁ። ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ዘበኛው በባትሪ እያበሩልኝ፣ «ላክ»ን ተጫንኩ።

ዞረ። 60 ሰከንድ ሙሉ ዞረና ጊዜው አለፈ።

ዘበኛው ክቡን ከኔ ጋር ሲያዩ ቆይተው «አይ ልጄ፣ ይኼ ነገር ውሎ ማደሩ ነው፤ አንተም ሂድና እደር» አሉኝ። አክስቴ ቤት ሄጄ አደርኩ።

የአክስቴ ቤት ቡና የሚፈላው ከረፋዱ 4 ሰዓት ነው። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ አቦሉ ሊቀዳ ነው። አክስቴ የልጅ ልጇን «ሂድ እነዚያ ቤት፣ ቡና ደርሷል ብላችኋለች በላቸው» ብላ ላከችው። ልጁ ተነሣ። በሩ ጋ ደረሰ። እዚያው ቆመ፤ አንድ እግሩ ደጅ፣ አንድ እግሩ ቤት፣ እጁ መቃኑን ይዞ። እኔ የዚያን አባት የ8ኛ ክፍል ጥያቄ ማውራት ጀምሬ ነበርና ሊያመልጠው አልፈለገም።

«ሂድ አልኩህ እኮ!»

«እየሄድኩ ነው» አለ፣ መቃኑን እንደ ያዘ።

«አልሄድክም! በሩን ዝጋው፣ ጢሱን ነፋሱ መለሰብን!»

«እጄ አለበት እኮ፣ እንዴት ልዝጋው?»

ስኒው እጄ ላይ ቀረ። ማታ ያጣሁት ነገር ይኸው፣ አፍንጫውን እየጠረገ በር ላይ ቆሟል። በዩኒክስ ዓለም ልጅ ሲወለድ ከወላጁ ሦስት ነገር ይወርሳል፦ መስሚያ፣ መናገሪያና ማማረሪያ። ማማረሪያው ስሕተት የሚጻፍበት ነው፤ ስሙን እኔ ነኝ ያወጣሁለት። ሥራውን ከጀርባ ብልከውም ልጁ የወላጁን መናገሪያ በእጁ እንደ ያዘ ነው የሚሄደው። ፒኤችፒም ሞኝ አይደለም፤ መናገሪያው እስካልተለቀቀ ድረስ «ገና የሚናገረው አለ» ብሎ በሩን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ሂድ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ መቃኑን ልቀቅ መባል አለበት። ልቀቅ የሚባለውም ሦስቱንም ወደ ዴቭ ነል በማዞር ነው። ዴቭ ነል የገባበት ሁሉ የማይወጣበት ጉድጓድ ነው፤ የቀበሌ የአስተያየት መስጫ ሣጥን ያየ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

ልጁ በኋላ ሄደ። እንዴት እንደሄደ አልጽፍም፤ አክስቴ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ የምትደርስበት ረጅም የማማሰያ እንጨት አላት።

«ይኸን ያህል ያስፈነደቀህ ምንድን ነው?» አለችኝ ወደኔ ዞራ።

ማስረዳት ጀመርኩ። አሁን ሳስበው ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው።

«እታለም፣ ሰርቨሩ ሥራ ሲበዛበት ልጅ ይወልዳል።»

«ይውለድ።»

«ልጁ ከአባቱ ቤት ጋር እንዳይጠላለፍ ጎጆ ይወጣል።» ይህ ሴትሲድ የሚባለው ነው፤ ከአማርኛ የተሻለ ስም የሚሰጠው ቋንቋ ያለ አይመስለኝም።

«ደግ አደረገ። ከዛስ?»

«ጎጆ ሲወጣ ግን አባወራ ሆነ። አባወራ ደግሞ ሌላ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል፤ አዲስ ተርሚናል ይይዛል። ስለዚህ እሱም ልጅ ይወልድና ወዲያው ይሞታል።»

ጀበናው አየር ላይ ቆመ። «ይሞታል?»

«እንዲሞት ነው የተደረገው። የልጅ ልጁ የሙት ልጅ ሆኖ ይቀራል። የሙት ልጆችን ሁሉ ደግሞ ቁጥር 1 የሚባለው ይረከባቸዋል፤ የጡት አባት ይሆናቸዋል። ያን ጊዜ ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው ክር ተበጠሰ ማለት ነው።»

«በስመ አብ ወወልድ!» አክስቴ አማተበች። «እና እንዲህ ዘር አጥፍቶ የቀረው የልጅ ልጅ ምን ይባላል?»

መዋሸት እችል ነበር። «ዴሞን» አልኳት።

«ምን ማለት ነው?»

«ጋኔን» አልኩ።

አንድ ሰው ከጎንደር ምድር ተነሥቶ ለአክስቱ «ጋኔን ነው የማሠራው» ሲል የሚሆነውን አስቡት። ጋኔን ጎታች ደብተራ የሚወራበት አገር ነው፤ ሲጠሩት መጥቶ ሥራ የሚሠራ፣ ሲያሰናብቱት ግን እንቢ የሚል ጋኔን ተረት ሳይሆን የጎረቤት ወሬ ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ክፋት አላሰቡም አልኳት፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካው ኤምአይቲ የነበሩ ባለሙያዎች ናቸው፤ ማክስዌል የሚባል የፊዚክስ ሊቅ፣ ሳይደክም ከጓዳ ሆኖ የአየር ቅንጣቶችን ይለያል ብሎ በምናቡ ከፈጠረው ጋኔን ነው የተዋሱት አልኳት። «ሊቅ ይሁን አይሁን ጠበል ሳትጠመቅ ወደ ጎንደር አትመለስም» አለች። ስለ ዞምቢው ሳልነግራት መቅረቴን አመስግኜ ቶናውን ጠጣሁ።

ዞምቢውን ለእናንተ ልንገራችሁ። ልጅ ሥራውን ጨርሶ ሲሞት የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነል ለወላጁ መርዶ ይልካል። ወላጅ መርዶውን ከተቀበለ ሟቹ ከመዝገብ ይፋቃል። ሥራ በዝቶበት መርዶውን ካልተቀበለ ግን ሟቹ ይህ ነው የሚባል ማኅደረ ትውስታ ሳይበላ፣ ሳይሠራ፣ ስሙና ቁጥሩ ብቻ መዝገብ ላይ ይቀመጣል። ሞቶ ስሙ ከቀበሌ ያልተሰረዘ፣ ስኳርና ዘይት የሚወጣለት ሰው እንደ ማለት ነው። አንድ ሁለት ቢሆኑ ግድ የለም፤ ብዙ ሺህ ሲሆኑ ግን ለሚወለድ የሚሰጥ ቁጥር ይጠፋል። ከላይ ያ ሁሉ ልጅና የልጅ ልጅ ያስፈለገበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ቁጥር 1 መርዶ በመቀበል አይታማም። ጭልጋ ሙታኗን ብታቆይ ግን አይገርመኝም፤ 27 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸውን የዝሆን ዘመዶች አፈሯ ውስጥ አቆይታ ነው እ.ኤ.አ. በ2003 ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጣችው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተመለስኩ። ዳንቴሉን ገለጥ አድርጌ መስሚያውን፣ መናገሪያውንና ማማረሪያውን ወደ ዴቭ ነል አዞርኩ፤ ለሙከራ ከራሴ ስልክ ቁጥር ውጭ ሌላ አላስገባሁም፣ 640 ጊዜ ጻፍኩት። ጸሐፊዋ ተጫነች። ገጹ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አልቆየም፦ «በመላክ ላይ ነው።» ኪሴ ውስጥ ስልኬ በየ4 ሰከንዱ ያቃስት ጀመር። ጮቤ ረገጥኩ።

ጸሐፊዋ ግን ፊቷ አልተፈታም። ማያውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «በአንድ ሰከንድ ለ640 ሰው? ኧረ ወዲያ!» አለችና፣ ልነጥቃት እጄን ስዘረጋ፣ ደግማ ተጫነችው።

ክቡ ሲዞር አልሠራም ብላ ትደግመዋለች፤ ሳይዞር ሲቀር አላመንኩም ብላ ትደግመዋለች። ይህን ለመሰለ ነገር መጽሐፎቹ ውስጥ ምዕራፍ አላየሁም። ማክበድ እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ጥፋቱ የሷ አይደለም። ሰው ሥራውን የሚያምነው ሲደክም ካየ ነው። አይከል ላይ ቁልፍ ተጭኖ ወዲያው «እሺ» የሚል መሥሪያ ቤት አላየችም፤ እኔም አላየሁም።

እሺ፣ ሁለተኛው እንዳይጀምር የበር ቁልፍ አበጀሁለት፤ አንዱ ውስጥ እያለ ሌላ እንዳይገባ። ችግሩ ያለቀ መስሎኝ ስልኬን እያየሁ ሳለ መብራት ሄደ።

ስንት ደርሶ ነበር? ሰርቨሩን ብትጠይቁት እንጃ። እኔ ራሴ ነኝ አፉንም ጆሮውንም ዘግቼ የላክሁት። መብራቱ ሲመለስ ሰርቨሩ ይነሣል፣ አፓቼ ይነሣል፣ ሞደሟ ትነሣለች፤ የላክሁት የሙት ልጅ ግን ወዴት እንደ ደረሰ የሚናገር የለም። ኖኅ ከመርከቡ መጀመሪያ የላከው ቁራ ነው የሆነብኝ። ደግሞ መብራት ባይሄድስ? በዛሬ ጊዜ ሊኑክስ ላይ ፒኤችፒን ዳግም ስታስነሡት፣ ጎጆ ወጥቻለሁ ያለውም የልጅ ልጅ፣ አገልግሎቶችን የሚያስተዳድረው ሲስተምዲ በቤተሰብ መዝገቡ ስሙን ስለሚያገኘው አብሮ ይታጨዳል። ያ ሁሉ ሞትና ጉዲፈቻ ለካ ከመዝገብ አያስፍቅም።

ወደ አክስቴ ቤት ስመለስ ከወፍጮ ቤቱ በር ላይ አገኘኋት። መብራት በመሄዱ ወፍጮው ቆሟል። ሴቶቹ የሉም፤ ስልቻውና ማዳበሪያው ብቻ በተርታ ተሰልፏል፤ በአንዱ ላይ ቀይ ክር፣ በአንዱ ላይ እንደ ምልክት የተቋጠረ ጨርቅ። እህሉ ባለቤቱን ወክሎ ተራ ይዟል። አክስቴ ማሽላዋን ከጤፍ ቀጥላ አሰልፋ ልትሄድ ነው።

«መብራት ሲመጣ ከማን ይጀምራል?» አልኳት።

«ካቆመበት ነዋ!» አለች፣ እንደ ሞኝ እያየችኝ። «የተፈጨው ዱቄት ሆኗል፣ ያልተፈጨው እህል ነው። ምኑ ይጠፋል?»

«ግማሹ የተፈጨስ?»

«እሱ ይደገማል።»

ሌሊቱን ሁሉንም አፍርሼ እንደ ወፍጮ ቤት ሠራሁት። ጸሐፊዋ «ላክ» ስትል አሁን ማንም አይላክም፤ ማንም ልጅ አይወለድም፤ 640ው መልእክት በመረጃ ቋቱ ውስጥ በተርታ ይሰለፋል፤ በቃ። ደግማ ብትጫነው «ተሰልፏል» ትባላለች። ክሮን የሚባል፣ ከድረ ገጹ ጋር ዝምድና የሌለው ባለወፍጮ በየደቂቃው ይነሣና ሰልፉን ያያል፤ ያልተፈጨ ካለ ይፈጫል፣ የፈጨውን «ተልኳል» ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ሰርቨሩና ሠራተኛው ከመጀመሪያው ስለማይተዋወቁ የሚለያዩበት ጥበብ አላስፈለገም። ገጹ ላይ ደግሞ «ከ640ው የቀረው» የምትል ቁጥር አስቀመጥኩ፤ ስትቀንስ ትታያለች። ጸሐፊዋ ይህችን ቁጥር ካየች ወዲህ ቁልፉን ደግማ ነክታው አታውቅም፤ ቡናዋን ይዛ እንደ ኳስ ጨዋታ ነው የምታየው።

ጠበሉን ግን ተጠምቄያለሁ። አክስቴ እንዲህ ያለውን ነገር አትረሳም።

አንድ ነገር ይቀራል። መብራት የሚሄደው መልእክቱ ከወጣ በኋላ «ተልኳል» ከመባሉ በፊት ባለችው ቅጽበት ላይ ከሆነ፣ ያ ግማሹ የተፈጨ ስልቻ ይደገማል። ስለዚህ አይከል ያላችሁ ወላጆች፣ ሰኔ 30 መልእክቱ ሁለቴ ከደረሳችሁ ልጃችሁ የተዛወረው አንዴ ብቻ ነው።